ጀልባዋ የት ትደር?

እኔ በተወለድኩበት ደሴት መልእክተኛ ቃሉን ሳይደግም ታንኳው አይገፋም። ሐይቁ ዳር ያቆሙትና የተላከበትን ያስደግሙታል፤ ከሳተ እንደገና ያስብሉታል። ሲመለስም «እንዴት ዋልክ» ከመባሉ በፊት «ምን አሉህ?» ይባላል። እኔንም ለክልሉ ምክር ቤት የመረጡኝ ጊዜ ዳር ላይ አቁመው ያስደገሙኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጀልባዋ እኛ ዘንድ ትደር።»

ጀልባዋ ባለ ሞተር ናት። ምጥ የያዛትንና የታመመውን ወደ ከተማ እንድታሻግር ተብላ ለደሴቶቹ ሰዎች የተሰጠች ናት። የምታድረው ግን ከተማ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ሴት ምጥ ሲጀምራት ነጂው ሌሊት ስልክ አያነሳምና ሌላ ሰው በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ሄዶ ጀልባዋን ሊጠራላት ነው። ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ታንኳም አይሄድም። ሐኪም ቤቱ ከማዶ እየታየን ስንት ሴት ቀበርን!

ምክር ቤት ውስጥ ይህን ባነሳሁ ቁጥር ይሳቅብኝ ነበር። «የጀልባ ማደሪያ የወረዳ ጉዳይ ነው» ይሉኛል። ወረዳው ወደ ዞን ይልከኛል፣ ዞኑ ወደ ክልል ይመልሰኛል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አንዱ ኃላፊማ ጀልባ ነጂው ከተማ ውስጥ ትዳር እንዳለው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። የእኛ ሴቶች ትዳር የላቸውም መሰለው! የአገልግሎት ዘመኔ አለቀ። ጀልባዋን እዚያው ከተማ እንደታሰረች ትቻት ከአገር ወጣሁ።

አሁን የምኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ ነው፤ ዋሊሰለን ባለው የገበያ ማዕከል ልብስ እሸጣለሁ። እዚህ አገር የሚያናድደኝ ብርዱ አይደለም። ጎረቤቴ እናቷን ልትጠይቅ በየጊዜው ተራራ ትወጣለች። እዚያ ላይ ያለው ጥቂት ሽማግሌና ላም ነው፤ ቢጫው የሕዝብ አውቶቡስ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣላቸዋል። አንድ ቀን አውቶቡሱ ዘገየብኝ ብላ ስታማርር «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!» ልላት ምንም አልቀረኝም።

የደሴቶቹ የአሁኑ ተወካይ ለስብሰባ ጄኔቫ እንደሚመጣ የሰማሁት ከእህቴ ነው። ሰውየው ደሴት ላይ ያልተወለደ፣ ጀልባዋ የምታድርበት ከተማ ውስጥ የሚኖር ጎልማሳ ነው። የእህቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ጀልባዋ ተጠርታ እስክትመጣ ስትጠብቅ ነው፤ አሁን የምትወልደውም ነፋሱ በሚበረታበት ወር ነው። እህቴ በስልክ ያችኑ ቃል አስደገመችኝ። አለቃዬን ለምኜ የዕረፍት ቀን ወሰድኩና ባቡር ተሳፈርኩ።

እዚያው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር የምትኖር የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ሰውየውን ምሳ ጋበዘችልኝ። ገበታው ላይ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ ዘንድ መልእክተኛ ሳያስደግሙ አይሰዱም» አልኩት። ሳቀ፤ ግን «ጀልባዋ እኛ ዘንድ ትደር» ብሎ ደገመው። አጥርቶ ነው የደገመው።

«እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅዎታል!» አለኝ። ወዳጄም ደስ ብሏት ወጥ ጨመረችለት።

ከሰዓት በኋላ ከወዳጄ ጋር አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ስብሰባው በውሃ ተከበው ስለሚኖሩ ሕዝቦች ነበር። ሰውየው ጉማሬ አሳየ። ገዳማት አሳየ። ቀጥሎ ጀልባዋን ራሷን፣ ታጥባና ባንዲራ ተሰቅሎባት፣ በትልቁ ሸራ ላይ አሳየ። «የደሴቶቻችን እናቶች በፈለጉት ሰዓት አገልግሎት ያገኛሉ» አለ። ተጨበጨበለት።

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ በአማርኛ «ጀልባዋ የት ነው የምታድረው?» ብዬ ጮህኩ። የመድረኩ መሪ ግራ ተጋብታ የማን ተወካይ እንደሆንኩ ጠየቀች። እሱ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ፈገግ እያለ፣ በእንግሊዝኛ «የአገሬ ልጅ ናት፤ ፎቶውን አይታ አገሯ ናፍቋት ነው» አላቸው። ናፍቆት! አዳራሹ ሙሉ በአዘኔታ ፈገግ አለልኝ። እንደዚያን ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

ስወጣ ትራም ማቆሚያው ላይ አገኘሁት።

«እትዬ፣ ገመና አደባባይ አይወጣም። አገር ቤት ስገባ አነሳዋለሁ።»

አንቱታውን እዚያው ተውኩት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር። አንተ ግን ጭራሽ ከጅቡ ጋር ፎቶ ትነሳለህ! ገመናው የማን ነው? የምታምጠው ማን ናት?» ትራሙ መጣለትና ገባ።

ወደ ዙሪክ ስመለስ ባቡር ውስጥ እህቴ ደወለች። እንደ ደንቡ ሰላምታ አልነበረም።

«ምን አሉሽ?»

«ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።»

ከኋላዋ የልጅቷ ድምፅ መጣ። «ጀልባዋ አትመጣም ማለት ነው፣ አክስቴ?» ፍርሃቷን በስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

እህቴን «አሁን እኔ ልላክሽ፤ ድገሚልኝ» አልኳት። «ነፋሱ ሳይነሳ ተሻገሩ። በቀጥታ ተወካያችሁ ቤት ሂዱ። ጀልባዋ እኛ ዘንድ ካላደረች እኛ አንተ ዘንድ እናድራለን በሉት።»

እሷም አንድም ቃል ሳታጎድል ደገመችልኝ።

ሳምንታት አለፉ። ሱቅ ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ ሰውየው ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው? የእህትዎ ልጅና ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ከነእናቶቻቸው ሳሎኔን ይዘውታል! ሌላ ማረፊያ ልፈልግላችሁ ብላቸው እንቢ አሉ!»

«መራጮችህ አይደሉ እንዴ?»

«ቀልድ አይደለም! የእህትዎን ልጅ ምጥ ይዟታል። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ነው ይሉኛል፤ እስኪመለስ ጠብቁ ይሉኛል…»

ከኋላው ልጅቷ ስታቃስት ሰማሁ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። ድምፁ ተለውጧል፤ ፈርቷል።

«መኪናህ የት ነው የምታድረው?»

«እዚሁ ነች፤ ግቢዬ ውስጥ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»