«ችሎት ላይ ነኝ»

ነገሩ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት በሚያዝያ ወር፣ እዚሁ ጅግጅጋ ነው። ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰው ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግረኝ እስከ ዛሬ ልቤ ይጠረጥራል።

አባቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር። ሲሞት ለእናቴና ለእኔ የካራማራ ተራራ ከበሩ የሚታይበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወልን። የአጎቴ ልጅ «ቤቱን የሠራው የእኔ አባት ነው» ብሎ ከሰሰን። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ከዚያ ቤት ብትወጣ የምትገባበት የለም።

እኔ የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ሁሉን ነገር መጻፍ እወዳለሁ። ጠበቃ ስንይዝም ደብተር ገዛሁ። የደወልኩበትን ቀንና ሰዓት፣ እሱ የመለሰልኝንም ቃል በቃል አሰፍር ነበር።

ጠበቃው፣ ስሙን አልጠራም፣ አንደበተ ርቱዕ ነው። በመጀመሪያው ቀን «እማማ፣ እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ጸሎትዎን ያድርጉ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት» አላት። እናቴ ወዲያው ወደደችው። እኔ ግን የክሱን ወረቀት ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው። በሹክሹክታ «እህቴ፣ ችሎት ላይ ነኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» ይልና ይዘጋል። አይደውልም። ደብተሬን ብቆጥር አሥራ አንድ ጊዜ ሆኗል። ጠዋትም ችሎት፣ ከሰዓትም ችሎት። ለእናቴ ስነግራት፣

«ጎበዝ ስለሆነ ሥራ በዝቶበት ነው። አንቺ ደግሞ መቼ ሰው ታምኛለሽ!» አለችኝ።

አንድ ዓርብ ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዓርብ በዚያ ሰዓት ከተማችን ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ሱቁ ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ከየመስጊዱ የዓርቡ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ይሰማል። ዘበኛው እንኳ በላስቲክ ማንቆርቆሪያ እጅ እግሩን እየታጠበ ለሶላት ዉዱእ እያደረገ ነበር።

«ወላል፣ እህቴ፣ ጁምዓ ነው። ስምንት ሰዓት ነይ» አለኝ።

የችሎቱ በር ከውጭ በጓጉንቸር ቁልፍ ተቆልፏል። በረንዳው ላይ እንደቆምኩ ለጠበቃው ደወልኩ። አነሳው።

«እህቴ፣ ችሎት ላይ ነኝ» አለ፣ ያችኑ ሹክሹክታ። «የእናንተኑ ጉዳይ ነው እያየን ያለነው። ዳኛው እያዩኝ ነው።»

«የትኛው ችሎት?»

«እዚሁ፣ የእኛው ነዋ!» ብሎ ዘጋው።

ለዘበኛው «ጠበቃዬ እዚህ ውስጥ ነኝ ይላል» አልኩት። ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ።

«እንግዲያው ጠበቃሽ ጂኒ ነው!» ብሎ እየሳቀ ወደ መስጊዱ ሮጠ።

እኔ አልሳቅኩም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰዓቱንና ጠበቃው ያለኝን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ መዝገቡን አገላብጣ፣ «መልስ አላቀረባችሁም። በሁለት ቀጠሮ ማንም አልመጣም። ጉዳዩ በሌላችሁበት እንዲታይ ታዟል፤ ረቡዕ የከሳሽ ምስክር ይሰማል» አለችኝ።

«ጠበቃ አለን እኮ።»

«የውክልና ወረቀቱ እንኳ እዚህ የለም» አለች።

ቅዳሜና እሑድ አቤቱታውን በእጄ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ረቡዕ እናቴን ደግፌ ስገባ የአጎቴ ልጅ ክው አለ።

«ዛሬ መሆኑን ማን ነገራችሁ?» አለ፣ ሳያስበው።

ዳኛው አቤቱታዬን አንብበው ደብተሬን ተቀበሉ። የዓርቡ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ስድስት ሰዓት ተኩል?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«በዚያ ሰዓት እኔ መስጊድ ነበርኩ» አሉ።

መልስ እንድናቀርብ ፈቀዱልን። ክርክሩ ዓመት ቢፈጅም ቤቱ ለእኛ ጸና፤ እናቴ ዛሬም በሯ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች።

ጠበቃውን የጠበቆችን ዲሲፕሊን ለሚያየው ጉባኤ ከሰስኩት። «የሥራ ጫና ነው» ብሎ ተከራከረ። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ። ውሳኔው ላይ «ቸልተኝነት» የሚል ቃል ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቃሉ አልዋጥልሽ አለኝ። ቸልተኛ ሰው ይረሳል እንጂ በተቆለፈ በር ውስጥ ሆኖ ያንሾካሹካል?

ደግሞስ የአጎቴ ልጅ ለምን «ማን ነገራችሁ» አለ? እንደማንመጣ በምን አወቀ?

ማስረጃ ስላልነበረኝ ይህን ለጉባኤው አላቀረብኩም። የማላውቀውን አልጽፍም። ጠበቃው አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። እኔም እመልሳለሁ። ደብተሬ ግን አሁንም አለ። ሌላው ሁሉ በእስክሪብቶ ነው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ «እንደማንመጣ በምን አወቀ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ብቻ በእርሳስ ጽፌያታለሁ። አላጠፋኋትም፤ በእስክሪብቶም አልደገምኳትም።