ጋሽ ተክሉ የወለወሉት ፊልም

«ውልወላውን መርቄልሻለሁ፣ ልጄ!»

እንዲህ ብለው የብር ቁራጬን ያስረከቡኝ ጋሽ ተክሉ ናቸው፣ ፒያሳ ያሉት ወርቅ ሠሪ። ብሩ እንደ መስታወት ያበራል። እኔ እንዳልጮህ በራቸው ላይ ቆሜ ይህን እጽፋለሁ።

የማስተርስ ጥናቴ ስለ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። እዚያች ቁራጭ ብር ላይ ውፍረቱ ጥቂት አተሞች ብቻ የሆነ ሽፋን፣ እኛ «ፊልም» የምንለውን፣ ሠርቼ፣ አተሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ ማጥናት ነበር ሥራዬ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባለው የላቦራቶሪ ማሽን ውስጥ አልገባ ስትለኝ፣ ጋሽ ተክሉ ጫፏን በቀጭኗ መጋዛቸው እንዲቆርጡልኝ ወሰድኳት።

ደግሞ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያውም በአማርኛ! «ጋሽዬ፣ ላይዋን እንዳይነኩት፣ ፊልም አለው።»

«እኔ ያየሁት እድፍ ነው» አሉኝ ዛሬ።

«እድፉ እኮ ነው ፊልሙ!»

ትንሽ አሰቡና አጽናኑኝ፦ «አይዞሽ፣ ፊልም ከሆነ ኮፒ አይጠፋውም።»

የወራት ልፋቴ በአንድ ጨርቅ ሄደ። በእኚህ ሰው ላይ ደግሞ እንዴት ይጮኻል? ፊታቸው ከብሩ በላይ በርቷል!

እስቲ እናንተም፣ ደግ ሰው ሥራችሁን ያበላሸባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልረር። መመረቁ ነው እንጂ የቀረብኝ፣ ምርቃቱንስ ጋሽ ተክሉ ሰጥተውኛል።