ያዋሰ ያጥፋ

ሥራዋ ጥርስ መሥራት ነበር። የጥርስ ሐኪሞች የሰውን መንጋጋ ለክተው ይልኩላታል፤ እሷ ልኩ ላይ ጄሶ ታፈሳለች፣ ሲደርቅ ሰሙን ትቀርጻለች፣ ከዚያ ጥርሱን አንድ በአንድ ትደረድራለች። ክፍሏ ከፎቁ ሥር ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ስትሠራ፣ የሠራችው ጥርስ በማን አፍ ውስጥ እንደሚስቅ አንድም ቀን አላየችም።

ምሳዋን እዚያው ትበላለች። በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው ስልክ። መጽሐፍ ከሚዋዋሱት የማኅበሩ ሰዎች ጋር የተገናኘችውም በምሳ ሰዓት ነው። አባቷ በሞቱ በዓመቱ፣ ልጅ ሳለች ያነበበችውን አንድ መጽሐፍ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችውና በአንባቢዎች ገጽ ላይ «ያለው ሰው አለ?» ብላ ጻፈች። «መዝገብ» የሚል ስም ያላቸው ሰው መለሱላት።

«እኔ ጋ አለ። ላውስሽ እችላለሁ።»

«ማዋስ ምን ያስፈልጋል? ፋይል አይደል እንዴ? ይላኩልኝና ሁለታችንም ጋ ይኑር» አለች።

«የለም። ከእኔ ስልክ ይጠፋል፣ አንቺ ጋ ይመጣል። ሃያ ቀን አለሽ። ስትመልሺልኝ አንቺም ታጠፊያለሽ። ያዋሰ ያጥፋ ነው ደንባችን።»

«ማን ያየናል?»

«ማንም።»

ይቺ «ማንም» የምትል መልስ ሆዷ ገባች። ዳቦዋን አስቀምጣ ለብቻዋ ሳቀች፤ ከዚያ «እሺ» ብላ ጻፈች። ዘጠነኛዋ አባል ሆነች። ሥራዋን ሲሰሙ «ክራንቻ» አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

መዝገብ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ መዝገብ» እያለ ይፈራቸዋል። የተዋሱትን ለሦስተኛ ሰው ማሳለፍ ክልክል ነው። «አንብበህ ጨረስክ ወይ?» እያሉ መጨቅጨቅ ነውር ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ «መጽሐፉ ደኅና ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው የመጽሐፉ ደኅንነት እንጂ የሰውየው ስንፍና አይደለም። ሲመልሱ ደግሞ «ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መገላገል የለም። አንድ ቁም ነገር መናገር ግዴታ ነው። አንዱ አባል አንድ ወፍራም መጽሐፍ መልሶ «ባልየው መጨረሻ ላይ ባይመጣ ይሻል ነበር» ቢል፣ ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ሳምንት ሙሉ ተሟገተ።

ክራንቻ እነዚያን ዓመታት ዛሬ ስታስታውስ ከመጽሐፎቹ ይልቅ የሚናፍቃት መጠበቁ ነው። ያዋሰችው መጽሐፍ ስልኳ ላይ የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል። አንዳንዴ አንዲት መስመር ትዝ ትላትና ልታይ ትከፍታለች፤ የለም፤ ወጥቷል። ያኔ «አሁን እገሌ የቱ ጋ ደርሶ ይሆን?» እያለች ሰሟን ትቀርጻለች። ሲመለስላት ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ የተቀበለች ያህል ደስ ይላታል።

አባቷ የድልድይ መርማሪ ነበሩ። ትንሽ መዶሻ ይዘው ከድልድይ ሥር ይገባሉ፤ ኮንክሪቱን እያንኳኩ ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። ደብተራቸው ላይ በቀኝ ገጽ ስንጥቁን ይጽፋሉ። በግራ ገጽ ግን ከድልድይ ሥር ያገኙትን ሰው ወሬ፤ ከዝናብ ሊጠለል የገባውን፣ የተጣላውን፣ የታረቀውን፣ ምድጃ ተሸክማ ዐረፍ ያለችውን ሴትዮ። አሥራ አራት ደብተር ትተው ሞቱ። እሷም የግራ ገጾቹን ብቻ በምሳ ሰዓቷ መተየብ ጀመረች። ሁለት ዓመት ፈጀባት። «የሠላሳ አራት ድልድዮች ወሬ» ብላ ስም አወጣችለት፤ ስልክ ላይ እንደሚነበብ መጽሐፍ አድርጋም አሰናዳችው።

ደብተሮቹን ከሥራ ቦታዋ መደርደሪያ ሥር በካርቶን አስቀምጣቸው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ቧንቧ ፈንድቶ ክፍሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። ካርቶኑን ብታነሣው ታቹ ተገምሶ ቀረ፤ ደብተሮቹ ሊጥ ሆነዋል፣ ቀለሙ ጥርግ ብሎ ሄዷል። እዚያው ውሃው ውስጥ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ «እንኳንም ተየብኩት» አለች፤ ተጽናናች።

እንግዲህ የአባቷን መጽሐፍ መጀመሪያ የተዋሱት እትዬ መዝገብ ናቸው። ክራንቻ በደንቡ መሠረት ላከችላቸውና ከስልኳም፣ ከሥራ ቦታዋ ኮምፒውተርም፣ የላከችበትን መልእክትም ሳይቀር አጠፋች። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰላት። አስተያየታቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «አባትሽ ሰው ሲያወራ የማያቋርጡ ሰው ነበሩ ማለት ነው።» ክራንቻ ይህን አንብባ ለረጅም ጊዜ ጄሶዋን ሳታነሣ ቀረች፤ ደርቆባት እንደገና በጠበጠች።

ሁለተኛው «ዘገየሁ» ነው። ስሙ የወጣለት መጽሐፍ በመለሰ ቁጥር «ይቅርታ፣ ዘገየሁ» ስለሚል ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕቃ እስኪራገፍ ድረስ መሪው ላይ ተደግፎ ያነባል። «ድልድይማ የኔ ጉዳይ ነው፤ ስንቱን ተሻግሬዋለሁ፣ ሥሩን ግን አላውቀውም፤ አውሺኝ» ብሎ ለመናት። ላከችለት። አጠፋች።

ሃያ ቀን አለፈ። ማንም አልደነቀውም። ሠላሳ ሲሞላ «መጽሐፉ ደኅና ነው?» ብላ ጻፈች። መልእክቷ ሳይደርስ ቆሞ ቀረ። ሃምሳ ቀን ሆነ። ስትደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም ተባለች።

ታናሽ ወንድሟ ነገሩን ሲሰማ ጆሮውን አላመነም። «ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም?»

«ደንቡ አይፈቅድማ።»

«የቱ ደንብ? አንቺ ጤነኛ ነሽ? የአባባን ደብተር ለማታውቂው ሹፌር ሰጥተሽ የራስሽን ታጠፊያለሽ? ፋይል እኮ ነው! ሺህ ጊዜ ቢባዛ የማያልቅ ነገር!»

ደንቡ ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፤ ግን ዘጠኝ ሰው ተስማምቶ፣ ማንም ሳያየው፣ ቃሉን የሚጠብቅበት ሌላ ቦታ በሕይወቷ አልነበራትም። ይህን ለወንድሟ ብታስረዳው ይስቅባታል። ለማኅበሩ ግን «የአባቴ መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ዘገየሁን ያገኘ ሰው ይንገረኝ» ብላ ጻፈች። ሰባት ሰው አነበበው። አንድም ሰው አልመለሰም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ስታነሣው ቀጭን የልጅ የመሰለ ድምፅ፣ «ክራንቻ?» አላት።

«ማን ልበል?»

«መዝገብ ነኝ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወፍራም፣ ቆጣ ያለ ድምፅ ነበር በሐሳቧ የሰጠቻቸው።

«እትዬ! ምነው፣ ደኅና?»

«ደኅና አይደለሁም። የአባትሽ መጽሐፍ እኔ ጋ አለ። አላጠፋሁትም።»

ክራንቻ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። «ምን አሉኝ?»

«የሁላችሁንም አላጠፋሁም። አንድም አጥፍቼ አላውቅም። ጣቴ እምቢ ይለኛል፤ ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ደንቡን ያወጡት እኮ እርስዎ ነዎት!»

«ራሴን ስለማውቅ አይደል ያወጣሁት?» አሉ።

ክራንቻ አልቅሳ ልታመሰግናቸው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ይላኩልኝ» የሚል ደረቅ ቃል ነበር። ስልኩን ዘጋችው። መጽሐፉ ወዲያው ደረሳት። ደስታውና ንዴቱ ተደባልቀው የያዘችውን የሰም ጥርስ ጨፍልቃው ኖሯል፤ መዳፏን ስትከፍት ነው ያየችው።

ያን ዕለት ከሰዓት እትዬ መዝገብ ጥፋታቸውን ለማኅበሩ ሁሉ ጽፈው ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ይሄኔ ነው ጉድ የፈላው። «እኔም ሁለት አሉኝ» አለ አንዱ። «እኔ አምስት፤ አንዱን ግን ሳላነብ ነው ያስቀረሁት» አለች ሌላዋ። እስከ ማታ ከዘገየሁ በቀር ሁሉም ተናዘዘ። ከስምንቱ ያጠፋች እሷ ብቻ ነበረች። ወንድሟ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የዘጠኝ ሰው ቃል ለብቻሽ ስትጠብቂ ኖርሻላ!»

ሦስት ሳምንት ለማንም አልጻፈችም። ከዚያ አንድ ቀን ምሳዋን እየበላች የአባቷን መጽሐፍ ከፈተች። ሦስተኛው ድልድይ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር አየች። የተየበችው ስሕተት ታርሟል። ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እዚያም ታርሟል። እትዬ መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አርመውታል፤ የተዘለሉ ፊደሎችን፣ የተገለበጡ ቃላትን። የአባቷን አነጋገር ግን የትም አልነኩም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ በኅዳጉ «አባትሽ እዚህ ጋ ማክሰኞ ይላሉ፤ ከፊት ካለው ቀን ስቈጥረው ረቡዕ ይመጣል። ደክሟቸው ይሆናል፤ እንዳለ ይቆይ» ብለው ጽፈዋል። ክራንቻ አድራሻቸውን ጠይቃ ቅዳሜ ሄደች።

ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። በሩን የከፈቱላት ጠባብ ትከሻ ያላቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትንሽዬ ሴት ናቸው። ሻይ ቀዱና ሳይቀመጡ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱላት። ለእያንዳንዱ አባል አንድ አቃፊ አለ። «ክራንቻ» የሚለውን ሲከፍቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ያዋሰቻቸው መጽሐፎች ተዘረዘሩ፤ ከነቀናቸው፣ ስታውሳቸው ከጻፈችው ቃል ጋር። «ይሄን ክረምት ላይ ያንብቡት።» «ይሄ አሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ጋ ያስለቅሳል፣ አደራ ከሰው ፊት እንዳይከፍቱት።» ግማሹን ረስታዋለች። ባሏ የሄደ ሰሞን ምን ታነብ እንደነበር፣ አዲሱን ቤት የተከራየች ጊዜ በምን እንደሳቀች፣ ሁሉም እዚያ አለ። ራሷ ያላስቀመጠችውን ሌላ ሰው አስቀምጦላታል።

«ተቀይመሽኛል» አሉ እትዬ መዝገብ።

«ተቀይሜ ነበር» አለች። ሻይዋን አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ አይቆጡኝና የታችኛው ጥርስዎ ይንቀሳቀሳል።»

«አየሽው?»

«በስልክ ነው የሰማሁት። «ስ» ሲሉ ቀጭ ይላል።»

እትዬ መዝገብ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። ሐኪማቸው ዘንድ አብራቸው ሄደች፤ በወሩ አዲስ ሠራችላቸው። የሠራችው ጥርስ ሲስቅ ያየችው ያኔ ነው።

ወደ ኃላፊነታቸው የተመለሱትም ማኅበሩ በሙሉ ለምኗቸው ነው። አንድ አዲስ ደንብ ተጨመረ፦ የወላጅ ደብተር አይጠፋም።

ዘገየሁ በስምንተኛው ወር ብቅ አለ። ስልኩ ከገዛ መኪናው ጎማ ሥር ገብቶ ደቅቋል፤ የቀድሞ ቁጥሩን መልሶ አላወጣውም፤ መጽሐፉ የእሷ ብቸኛ ቅጂ መሆኑን ሲያስብ ደግሞ ምን ዓይን ይዞ ይጻፍላት? «አሥራ ሰባተኛው ድልድይ ላይ ነበርኩ» አለ አፍሮ። «ምድጃ የተሸከመችው ሴትዮ ቤቷ ገባች ወይስ አልገባችም? ስምንት ወር ሙሉ ይሄው ነው ሐሳቤ።»

«ገብታለች» ብላ ጻፈችለት፤ መጽሐፉንም ከነእርማቱ ላከችለት። ሲጨርስ፣ መቼም ዘግይቶ ነው፣ የመለሰው ከአንድ ፎቶ ጋር ነበር። መኪናውን አቁሞ ከአንዱ ድልድይ ሥር ወርዷል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ ዝናብ ያደበዘዘው የምርመራ ቁጥር ይታያል፤ ሰባቱ ቁጥር ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው። አባቷ ሰባትን እንደዚያ ነበር የሚጽፉት። ፎቶውን ለወንድሟ አሳየችው። እሱም ብዙ አየው፤ ዐይኑን ጠራርጎ፣ «እስቲ ላኪልኝ» አላት።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆየ። ማንም አልተጣላም፤ ብቻ ሰው እየተበተነ ሄደ። ሺህ መጽሐፍ በአንድ ላይ የሚከፍት መተግበሪያ መጣ፤ መዋስ የሚያስፈልገው ሰው ጠፋ። ዘገየሁ መኪናውን ሸጦ ሱቅ ከፈተ። እትዬ መዝገብ ልጃቸው ጋ ሄደው መኖር ጀመሩ፤ ኮምፒውተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የተጓዙት፣ ጫኚን አላምን ብለው።

ክራንቻ አሁንም ምሳዋን በዚያው ክፍል ትበላለች። አልፎ አልፎ ያንን መተግበሪያ ትከፍታለች፤ ሽፋኖቹን ወደ ታች ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ አንዱንም ሳትጀምር ትዘጋዋለች። ከዚያ ትደውላለች።

«እትዬ፣ ምን እያነበቡ ነው?»

«ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ» ይሏታል። ገጹን ፈልገው ጮክ ብለው ማንበብ ሲጀምሩ፣ እሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እያዳመጠች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።