ከብስክሌቱ የወረደ ይጋብዛል

በኢስትሪያ ኮረብታ ላይ፣ በጥንት ግንብ የተከበበች የአንዲት መንደር ሽማግሌዎች በግንቡ በር አጠገብ ካለው የድንጋይ አግዳሚ አይጠፉም። ደንባቸው አንድ ነው፤ የመጨረሻው ዳገት አቅቶት ከብስክሌቱ የወረደ ሰው ወይን ይጋብዛቸዋል። ጡረተኛዋ ፖስተኛ ኔቪያ በየእሑዱ ስትጋብዝ ኖራለች። ዛሬ ግን ላትወርድ ምላለች።

ከኮረብታው ግርጌ ካለው የወይን እርሻ ወጥታ ወደ በሩ የሚያወጣውን ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገት ስትያያዘው ሽማግሌዎቹ አዩዋት።

«ነይ ልጄ፣ ጉሮሯችን ደርቋል!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አጎት ዥቫኔ።

«ታዲያ ውሃ ይጠጡ!» አለች እያለከለከች።

«ለጉልበትሽ እዘኚለት፣ ውረጂ!» አሉ ዥቫኔ።

የፊት ጎማዋ ተንሸራተተ። ልትወድቅ ስትል ግንቡን በክርኗ ገፋ አድርጋ ተቃናችና በሩን አለፈች።

ሳይወርድ የሚገባ ሰው ቢመጣ ማን እንደሚጋብዝ ከሽማግሌዎቹ ያሰበበት አልነበረም።

«ግንቡን ነክተሻል» አሉ ዥቫኔ።

«ደንቡ የእናንተው ነው፤ የወረደ እንጂ ግንብ የነካ አይልም። እኔ አልወረድኩም፤ ውረጂ ያሉኝም እርስዎ ስለሆኑ ዛሬ ጋባዡ እርስዎ ነዎት።»

ዥቫኔ ጓደኞቻቸውን ዞረው አዩ። ሁሉም ቁልቁል ወደ እርሻው እያዩ ሌላ ብስክሌተኛ ይፈልጋሉ። ማንም አይመጣም። ከዘራቸውን አንስተው ወደ ወይን ማከማቻቸው አመሩ።

«ለሚመጣው እሑድ ግን» አሉ ቁልፉን ከኪሳቸው እየፈለጉ፣ «እባክሽ ውረጂ።»