ከደብዳቤው ግርጌ የጻፍኩት ግልባጭ

በ1963 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኮልፌ በሚገኝ የአንድ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ግቢ ውስጥ የገዛ ደብዳቤዬን ሾፌሮች ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ እንዳነብ ታዘዝኩ። አነበብኩ። ዛሬም ደብዳቤ ስጽፍ ግርጌው ላይ ስደርስ እጄ ቆም ይላል።

ያን ጊዜ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እዚያው ኮልፌ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የድርጅቱ ባለቤት ግራዝማች በላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ጸሐፊያቸው እንድሆን ጠየቁኝ። ሥራው ግቢው ውስጥ ካለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጋር የሚሰጥ ነበር። መጀመሪያ ግን ስድስት ወር ጅማ ባለው ቅርንጫፋቸው መሥራት ግዴታ ነው። እኔ ደግሞ የማታ ትምህርቴን ለመጨረስ አራት ወር ቀርቶኛል።

ቤቱን ማጣት አልፈለግኩም። ስለዚህ በጨዋ ቃል ጻፍኩ። ቤት ጭምር ስላሰቡልኝ አመሰገንኩ፣ አሁን እንደማይመቸኝ ገለጽኩ፣ ትምህርቴን ስጨርስ ቦታው ክፍት ከሆነ እንዲያስታውሱኝ ለመንኩ። በስውር ሌላ ሥራ ያፈላልጋል እንዳልባል፣ እንደ መሥሪያ ቤት ልማድ ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለክፍል ኃላፊዬ ለአቶ ታምራት» ብዬ ጻፍኩበት።

አቶ ታምራት ግልባጩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ቤት ጭምር?» አሉና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ግራዝማች በማግስቱ አስጠሩኝ። ደብዳቤዬን ሾፌሮቹ ፊት ሳነብላቸው ግርጌው ላይ አስቆሙኝ።

«እሱን ድገመው።»

ደገምኩት።

«ታምራት የምትለው ማነው? አባትህ ነው?»

«አለቃዬ ናቸው።»

«እኔ ሰው ብዬ ብጠራህ እንቢታህን ለአገር ትበትናለህ? እግር የለህም? መጥተህ ‹ጌታዬ፣ አልተመቸኝም› ማለት አቃተህ?»

«ደንቡ ነው፣ ግራዝማች።»

«ደንብ! ለጎረቤት እንቢ የሚባለው በግልባጭ ነው?»

አንዱ ሾፌር ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ «ይሄ ሠርግ ቢጠሩትም ለአለቃው ግልባጭ ያደርጋል!» አለ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ወረቀቱን አጠፍኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትምህርቴን ስጨርስ ቦታው ካለ…»

«ና፣ ታየዋለህ። ቦታውም ይኖራል፣ ሰውም ይኖርበታል። አሁን ከፊቴ ጥፋ!»

መጋቢት መጀመሪያ ላይ አቶ ታምራት ከጋዜጣው ለቀቁ። የት እንደሚሄዱ ለማንም አልተናገሩም።

የምስክር ወረቀቴ እጄ የገባው መስከረም ላይ ነው። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፌ ወደ ግቢው ሄድኩ። ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ደጃፍ ላይ የአቶ ታምራት ባለቤት ልብስ እያሰጡ ነበር። አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ።

አቶ ታምራት ከጸሐፊው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ማመልከቻዬን ተቀበሉኝ፣ ማኅተም መቱበት፣ ግልባጩን መለሱልኝ።