ምርቃት የሌለው ኢሜይል

ጦርነቱ ከከተማችን ከሐይቅ ርቆ ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ዛሬም ኢሜይል በከፈትኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባም የእኔም ስልክ በጦርነቱ ተወስዷል። ስለዚህ እትዬ ሪያድ ካለው አንድ ልጃቸው ከሰይድ ጋር የሚገናኙት በእኔ ኢሜይል ብቻ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ምርቃቱ ነው። "አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ..." እያሉ ይቀጥላሉ። ወረፋ የያዘ ሰው ያጉረመርማል። "እትዬ፣ አሁንስ ይብቃው" ስላቸው፣

"ዝም ብለሽ ጻፊ! ሳልመርቀው ምን ብዬ ልላክለት?" ይሉኛል።

አንድ ቀን "የኢሜይል አድራሻዎ ዛሬ ይዘጋል፤ እንዳይዘጋ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ" የሚል መልእክት መጣ። መንገዱም፣ ባንኩም፣ ስልኩም ተዘግቶብን ለከረምን ሰዎች "ይዘጋል" የሚባል ነገር ያስደነግጣል። እትዬ አጠገቤ ነበሩ።

"ውይ ልጄ፣ ቶሎ በይ! ሰይዴ ሊጠፋብኝ ነው!" አሉ።

የላኪውን አድራሻ እንኳ ሳላይ ሞላሁት።

በማግስቱ ኢሜይሉ አልከፍት አለኝ። ለካ መልእክቱን የላከው ሌባ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ቀይሮታል። የሰይድ አድራሻም ስልክ ቁጥሩም ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። እትዬ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። ሻሻቸውን አስተካከሉና "በቃ፣ ልጄን አጣሁት ማለት ነው?" አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ባለሱቁ ጎረቤታችን ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሰይድ ነው። እዚያ ያሉ የሐይቅ ልጆችን ሲያስቸግር ሰንብቶ የባለሱቁን ቁጥር አግኝቷል።

"በአላህ እውነቱን ንገሪኝ፣ እናቴ መቼ ነው የሞተችው?" አለኝ እያለቀሰ።

ለካ ሌባው በእኔ ኢሜይል "ይህን ፋይል ክፈተው" ብሎ ጽፎለታል። ምርቃት የለውም። ሰይድ ሌባ ነው ብሎ አልጠረጠረም፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር ሳትመርቀኝ አትጽፍልኝም ብሎ ነው የደነገጠው። ፋይሉን ሳይነካው ስልክ ፍለጋ ወጣ።

ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋቸው። "አለሁ ልጄ፣ አብሽር" አሉና ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ዛሬ አዲሱ ኢሜይሌ በኋላ ወደ ገዛሁት ስልክ የሚላክ ቁጥር ካልገባ አይከፈትም። ላኪውን ሳላጣራም ምንም አልነካም። ያን ቀን ሳስበው ግን አሁንም አፍራለሁ። ወረፋ የያዘ ሰው ቢያጉረመርም ይጠብቃል፤ እትዬ መርቀው ሳይጨርሱ አልልክም።