ልጄ ባወራች ቁጥር የምትዞረው ሴት

የሦስት ዓመት ልጄ ድምጿ ከሰለለ ዓመት አልፎታል፤ ስትተኛም ደረቷ ያፏጫል። አስም ነው ተብለን መድኃኒት እንሰጣታለን።

ከሆመቾ ወደ ሆሳዕና ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት ሴት ልጄ ባወራች ቁጥር ዞራ ታፈጥባታለች። ዓይኗን ፈራሁትና ልጄን በነጠላዬ ሸፈንኳት። መናኸሪያ ስንወርድ ተከተለችን። ፈጠን ስል እሷም ፈጠነች። ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን አደረግንሽ?» አልኳት።

አፏን ስትከፍት የወጣው የልጄ ድምፅ ነው፤ ያው ሻካራ፣ ያው የታፈነ።

«እኔንም በልጅነቴ አስም ነው ይሉኝ ነበር፣ እህቴ» አለችኝ። «ጉሮሮዬ ውስጥ ግን ኪንታሮት ነበር የሚበቅለው። ይቆርጡልኛል፣ ተመልሶ ይበቅላል። ዛሬውኑ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እኔን ያደረሱኝ ትንፋሼ ከቆመ በኋላ ነው።»